ቅዳሜ በኮሪደሩ ያለፈው ኬብል

ሦስት መንገድ ነበረኝ፤ አጭሩን መረጥኩ። ጥፋቱ ይኸው ነው፣ በማንም አላሳብብም።

ስቱዲዮዬ በረዷማዋ የሰሜን ከተማ ኢሳልሚ፣ አንድ አሮጌ ባለ አራት ፎቅ አፓርታማ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ድሮ ድንች ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል መዝፈኛ አደረግሁት፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ድምፅ ያምርበታል። ብስክሌት ይቆለፍበት የነበረውን ደግሞ መቅጃ አደረግሁትና የድምፅ መቀላቀያዬን፣ ሚክሰሬን፣ እዚያ አስቀመጥኩ። ችግሩ ሁለቱ ክፍሎች ጎረቤት አለመሆናቸው ነው። መሐላቸው ነዋሪው በተራ እየገባ በእንፋሎት የሚታጠብበት የሕንፃው የጋራ ሳውና ተንደላቆ ተቀምጧል። ስለዚህ ኬብሉ ከማይክሮፎኑ ተነስቶ እኔ ዘንድ እስኪደርስ በየት በኩል ይምጣ የሚለው ነገር ለአንድ ወር እንቅልፍ ነሳኝ።

አንደኛው መንገድ በኮሪደሩ፣ ከላይ ከላይ ነው። ሠላሳ ሜትር ይሆናል። ለዚያ ግድግዳ መብሳት ያስፈልጋል፣ ግድግዳ ለመብሳት ደግሞ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር የአውሊስ ፈቃድ። አውሊስን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ከልክሎኛል። ሁለተኛውን ደብዳቤ የሰጠኝ ሊፍት ውስጥ ነበር። እጄ ላይ አኖረና አራተኛ ፎቅ እስክንደርስ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሁለተኛው መንገድ ከወለሉ ሥር ነው፤ ኮንክሪት ስለሆነ እሱን ተዉት። ሦስተኛው በሳውናው ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ፣ ማን እንደቀበረው የማይታወቅ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። አምስት ሜትር! አንዱ ጫፉ ድንች ቤቴ፣ ሌላው ጫፉ ብስክሌት ቤቴ። ያገኘሁት ቀን ብቻዬን ጮቤ ረገጥኩ።

ካውኮ ግን ደስ አላላቸውም። ካውኮ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባትሪ አብርተው ቱቦውን አዩት፣ ግድግዳውን በጣታቸው ቆረቆሩት።

«ከጎኑ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«እንጨት ነዋ!»

«ከእንጨቱ ኋላስ?»

«ሳውና ነው እኮ ካውኮ። ሙቀት ነው ያለው፤ ሌላ ምን ይኖራል?»

«የማይክ መስመር ከኃይል መስመር ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ፣ አለዚያ ጩኸቱን ይስባል ብዬ አስተምሬሻለሁ።»

«አስተምረውኛል። የታለ የኃይል መስመሩ?»

«አይታየኝም። ስለማይታየኝ ነው የምነዘንዝሽ። በኮሪደሩ አድርጊው ልጄ።»

«እንግዲያው አውሊስን እርስዎ ይጠይቁልኝ!»

ባትሪያቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱት። አውሊስን መጠየቅ የሚደፍር ሰው በዚህ ሕንፃ አልተፈጠረም።

ያን ሁሉ የሚያጣድፈኝ የኢልማ ነገር ነው። ኢልማ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሐይቅ ዳር ባሉ የዳንስ አዳራሾች ታንጎ ዘፍነዋል። የዚህ አገር ሰው ግማሹ ባለቤቱን ያገኘው በእሳቸው ዘፈን ሲደንስ ነው። እናትና አባቴም እንደዚያ ነው የተገናኙት፤ እኔ ራውኒ የተባልኩት ጉድ የተገኘሁት ከዚያ ነው። ግን አንድም ዘፈን አስቀድተው አያውቁም። ከዋና ከተማ ሲጠሯቸው «ቅዳሜ ዳንስ አለብኝ» እያሉ ሲመልሱ ኖሩ። አሁን ጉሮሯቸው ላይ እብጠት ተገኘና ሰኞ ኩኦፒዮ ከተማ ሄደው ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነው። ሐኪሙ አልደበቃቸውም፦ ለሕይወታቸው አያሰጋም፣ ድምፃቸው ግን አይመለስም። ከዚያ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲዘፍኑ ፈቅዶላቸዋል። እሳቸውም ቀኑን ቅዳሜ አደረጉት፣ ቦታውን የእኔ ድንች ቤት። ይህን በስልክ የነገሩኝ ዕለት ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት ባለው ሰኞ ኬብሉን በቱቦው አሳለፍኩ። ከዚያ ዓርብ ድረስ ፈተንኩት። የሕንፃውን ኤሌክትሪክ ዕቃ በሙሉ በወረቀት ጻፍኩ፤ አርባ አንድ ሆነ። ሊፍቱን ላይ ታች አመላለስኩት። ሦስቱንም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ባዶውን አሽከረከርኩ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብሷን እንድታበራ ለመንኳት። አንደኛ ፎቅ ያለውን የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ሳይቀር፣ ከዓሦቹ ባለቤት ጋር ተጣልቼ፣ አጥፍቼ አበራሁት። በማዳመጫው አንዲት ሽው የምትል ነገር የለችም። ዓርብ ማታ ካውኮን ጠርቼ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፋሁት።

«ዝም ብሏል» አሉ።

«ዝም ብሏል አይደል?» አልኩና ፊት ለፊታቸው ደነስኩኝ። እስኪሰለቻቸው ድረስ ጉራዬን ነዛሁባቸው።

ቅዳሜ ኢልማ ቀይ የዳንስ ቀሚስ ለብሰው፣ ከላዩ ወፍራም ካፖርት ደርበው፣ ነጭ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ውጭ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አኮርዲዮን የሚጫወትላቸው ቪልዮ ከካያኒ ከተማ መጥቷል፤ በአሥራ አንድ ተኩል አውቶቡስ ካልተመለሰ ቅዳሜ ሌላ አውቶቡስ የለም። ቪልዮ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። በቀን ሦስት ያህል ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሁለቱን አውቶቡሱ ላይ ጨርሷቸው ነው የመጣው።

«እዚህ ነው ድንቹ የሚቀመጠው?» አሉ ኢልማ ጫማቸውን እየቀየሩ። «ደግ አደረግሽ ልጄ። እኔም እንግዲህ እንደ ድንቹ እስከ ጸደይ እንዳልበቅል ይዘጋብኝ።»

ሰባት ተኩል ላይ ማይኩን ሞከርኩ፤ ጸጥታ። ኢልማ ልብሳቸውን አስተካከሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ቪልዮ ወንበሩን አራት ጊዜ አዛወረ። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ኢልማ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በማዳመጫዬ ውስጥ፦

እምምምምምምም።

ጆሮዬ ላይ በሬ የቆመ መሰለኝ። «አንዴ ይጠብቁኝ የኔ እመቤት!» ብዬ ሮጥኩ። ፍሪጁን ነቀልኩ፤ እምምም። መብራት አጠፋሁ፤ እምምም። ሊፍቱን አቆምኩት፣ ውስጡ ሰው ነበረበት፣ ይቅርታ ጠይቄ ለቀቅሁት። ደረጃውን ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ ብርድ ልብስ አስጠፋሁ፣ የዓሦቹ ባለቤት ገና ሲያየኝ በሩን ዘጋብኝ። ስመለስ ኢልማ ማዳመጫ አድርገው በፈገግታ እየሰሙ ነው።

«ይህንን አጃቢ ከየት አመጣሽው? ምንም አይል፣ ትንፋሽ አለው።»

ቪልዮ አኮርዲዮኑን ነካ ነካ አድርጎ ድምፁን ፈለገና አገኘው። «ኖታው ሶል ነው፣ ትንሽ ከፍ ብሏል» አለ። የቀኑን ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ለዚህ አዋለው።

ላለቅስ ደረስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የእኚህ ሴት ድምፅ ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ እኔ ደግሞ በሬ እየቀዳሁ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አርባ አንዱን ዕቃ ለሰባተኛ ጊዜ ሳነብ ካውኮ በደረጃው ወረዱ። ወገባቸው ላይ ፎጣ፣ ራሳቸው ላይ የሱፍ ቆብ፣ በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ገላ የሚመቱበት የቅጠል እስር።

«ካውኮ! ኸረ ያድኑኝ! የሆነ ነገር እየጮኸብኝ ነው፣ ምን እንደሆነ አጣሁት!»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከስምንት! ልክ ከስምንት!»

እግራቸው ቆመ። ባልዲያቸውን አዩት። ሳውናውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አሉ።

«ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ!»

«ሳውናው የሚበራው በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነው።»

ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። አርባ አንድ ዕቃ! የበሩን ደወል ሳይቀር ጽፌያለሁ። ሃያ ኪሎዋት የሚበላውን የሳውናውን ምድጃ፣ ባለ ሦስት ፌዝ የኃይል መስመሩ ከኬብሌ ሦስት ጣት ርቆ ከእንጨቱ ኋላ የሚሄደውን አልጻፍኩትም። ለምን ብትሉ፣ ሳውናን ኤሌክትሪክ ዕቃ ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ሳውና ሳውና ነው። በረዶን ወይም እሑድን ማን በዕቃ ዝርዝር ይጽፋል?

«እርስዎስ?» አልኳቸው። «አርባ ዓመት የሬዲዮ ቴክኒሻን! እዚያው ግድግዳውን ሲቆረቁሩ እንዴት አላሰቡትም?»

ካውኮ ባልዲያቸውን ወለሉ ላይ አኖሩ። «በየሳምንቱ እዚያ ውስጥ እቀመጣለሁ» አሉ። «አንድም ቀን አላሰብኩትም።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ፎጣቸውን በአንድ እጅ ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ሲስቁ፣ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ያዝኩ።

«በቃ ላጥፋው» አልኩ እንባዬን እየጠረግሁ። «አንድ ሰዓት ነው። ሰዉ ይታገሣል።»

«ምንድነው የምታጠፊው?» አለ ከኋላዬ የኢልማ ድምፅ። ነጭ ጫማቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሳውናውን፣ ለጥቂት ጊዜ…»

«ቅዳሜ? በእኔ ምክንያት? አብደሻል እንዴ ልጅት!» ቀይ ቀሚሳቸው ራሱ የተቆጣ መሰለ። «ስሚ። ሃምሳ ዓመት የዘፈንኩት ቅዳሜ ማታ ነው። ሰዉ ሳውና ገብቶ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ፀጉሩ ሳይደርቅ ነበር እየሮጠ የሚመጣው። ላልታጠበ ሰው ዘፍኜ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም። የሰው ሳውና ካጠፋሽ ካፖርቴን ስጪኝና ልሂድ።»

እንደሚያደርጉት ያስታውቃሉ። ስለዚህ መነሣት ያለበት ኬብሉ ነው። ለበጋ የገበያ ኮንሰርት የምወስደው ስምንት መስመር በአንድ የተጠቀለለበት ወፍራም ኬብል ነበረኝ፤ አርባ ሜትር። ከድንች ቤቱ በኮሪደሩ እስከ ብስክሌት ቤቱ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ሰክቼ አዳመጥኩ፤ እምም። በሬው ጥጃ ሆኗል እንጂ አልሄደም። የምድጃው የኃይል መስመር ለካ ከቆጣሪው ሳጥን ተነሥቶ በኮሪደሩም ወለል ጥግ ጥጉን ነው የሚመጣው።

ያኔ ካውኮ ጎንበስ ብለው የኬብሉን ወገብ አነሡና ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ጥጃው ደከም አለ። ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ላይ ሰቀሉት።

ጸጥ።

«እንዳያወርዱት!» ብዬ ጮህኩ።

«ፎጣዬ እየወረደ ነው» አሉ ካውኮ።

«ፎጣውን እኔ አስርልዎታለሁ! ክንድዎን ብቻ!»

አንድ መሰላል ነበረኝ፣ አንዱን ቦታ እሱ ያዘ። የልብስ ማስጫዎቹ ቁመታቸው ከወገብ ስለማያልፍ አልጠቀሙም። ምስማር ክልክል ነው። የቀረኝ ሰው ነው። ሳውና ተራቸውን ይዘው የሚወርዱትን እየጠበቅሁ በየሦስት ሜትሩ አቆምኳቸው። ባለ ብርድ ልብሷ ሴትዮ በፎጣ ጋዎን መጣች፤ «ክንድ ወደ ላይ» አልኳት፣ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ያዘች። የዓሦቹ ባለቤት ከሳውና ወጥቶ እንፋሎት እየተነነበት ብቅ አለ፤ መጀመሪያ ገላመጠኝ፣ ኢልማን ሲያይ ያለ ቃል ያዘ። የሚገቡት ሲገቡ የሚወጡት ይተካሉ አልኩ። አንድ ሕግ ደግሞ ጨመርኩ፦ ዘፈን ላይ እያለን እንፋሎት ለማውጣት የጋለው የሳውና ድንጋይ ላይ ውኃ አይደፋም፣ ሲደፋ የሚያወጣው ድምፅ ግድግዳ ያልፋል። ውኃው በዘፈንና በዘፈን መሐል ብቻ። ምልክቱን ካውኮ የሳውናውን በር አንኳኩተው ይሰጣሉ።

ሁሉም ቦታ ተይዞ አንድ ክፍተት ቀረ። ያቺን ክፍተት የሚሞላ ሰው ሳጣ ዐሥር ሰዓት ሞላና አውሊስ ከሚስቱ ከሄልሚ ጋር ወረደ። ሰማያዊ ጋዎን ለብሷል፣ የሳውናው ምድጃ ላይ የሚጠብሳትን ቋሊማ በፎይል ጠቅልሎ ይዟል። ኬብሉን አየ። የተሰለፉትን ጎረቤቶቹን አየ።

«በኮሪደሩ ኬብል ከልክያለሁ» አለ።

«ግድግዳ መብሳት ነው የከለከልከው። የበሳ ሰው የለም፣ ሁሉም በእጁ ነው የያዘው።»

«ደብዳቤው ላይ…»

«ደብዳቤው ላይ መያዝ የሚል ቃል የለም አውሊስ፤ ሁለቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ!»

ግንባሩን ቋጠረ። ደብዳቤውን በልቡ እያነበበ መሆኑ ያስታውቃል። ሄልሚ ግን በድንች ቤቱ በር አሾልካ አይታ ነበር።

«አውሊስ» አለች በቀስታ። «ኢልማ ናቸው።»

«የትኛዋ ኢልማ?»

«የእኛዋ! የዳንሱ! እግሬን የረገጥክ ቀን የዘፈኑት!»

አውሊስ ቋሊማውን ለሄልሚ ሰጣት። ጋዎኑን ጠበቅ አድርጎ አሰረ፣ ክፍተቷ ውስጥ ገባና ክንዱን ሰቀለ። ቁመቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ኬብሉ በእሱ በኩል ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። «ሳውናው የእኛ ተራ ነው፣ ብቻሽን ግቢ» አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ያላለፈችው ተራ ነበረች።

ወደ ሚክሰሬ ሮጥኩ። ማዳመጫውን ደፋሁ። ምንም የለም። እንዴት ያለ ያማረ ምንም መሰላችሁ! «ኢልማ፣ ይጀምሩ!»

ዘፈኑ ተጀመረ። ድምፃቸው ትንሽ ሻካራ ነው፣ ከሥሩ ግን የሞቀ ወተት አለበት። የመቅጃ ክፍሌን በር ገርበብ አድርጌ ነበርና ኮሪደሩ ይታየኛል። ስምንት ሰው ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ክንዱን ሰቅሎ፣ በነጠላ ጫማ ቆሟል። ባለ ብርድ ልብሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የዓሦቹ ባለቤት ማስነጠስ መጥቶበት አፍንጫውን በሰቀለው ክንዱ ላይ ቀበረው። ዘፈኑ ሲያልቅ ካውኮ በሩን ያንኳኳሉ፣ ውስጥ ፍሽሽሽ ይላል፣ ሰዉ ክንዱን ያራግፋል፣ እኔ ሚክሰሩ ላይ ተደፍቼ በደስታ ወለሉን በእግሬ እደበድባለሁ፣ ከዚያ ሁሉም መልሶ ይሰቅላል። በአራተኛው ዘፈን የቋሊማ ሽታ መጣ። በስድስተኛው የሚያር ቋሊማ ሽታ ሆነ። አውሊስ በዓይኑ ወደ ሳውናው በር ተመለከተ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

የመጨረሻው ዘጠነኛው ነው። ኢልማ አቆይተውት የነበረ ቀርፋፋ ታንጎ። እኔ አሁን ቴክኒሻን መሆኔ ቀርቶ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ። አውሊስ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ኬብሉን እንደ ተሰቀለ ይዞ እግሩን ግራ ቀኝ ማድረግ ጀምሯል። ኢልማ የመጨረሻዋን ቃል ለቀቋት። አኮርዲዮኑ ገና እየረዘመ፣ እየቀጠነ ሳለ፣ ካውኮም ሳያንኳኩ፣ ከግድግዳው ኋላ፦

ፍሽሽሽሽሽ።

ካውኮ በሩን ከፈቱት። ሄልሚ የውኃ መድፊያውን ጭልፋ ይዛ በእንፋሎት ውስጥ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

«አውቄ አይደለም» አለች። «እጄ ነው፤ እጄ ዘንበል አለብኝ።»

ዐሥራ አንድ ከሩብ ነበር። ቪልዮን በሩጫ ወደ አውቶቡሱ ሰደድነው። ኢልማ እየዞሩ ክንዱን ያነሣውን ሁሉ እጁን ጨበጡት። ከዚያ ጉሮሯቸውን በመዳፋቸው ያዙና «አሁን እኔም ሳውና እገባለሁ፣ ማነው ባለ ተራው?» አሉ። አውሊስ ተራውን ሰጣቸው።

ሰኞ ጠዋት አውሊስ በሬን አንኳኳ። ድሪል ይዟል፣ ኪሱ ሙሉ የኬብል ማንጠልጠያ። የኮሪደሩን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር እሱ ራሱ በሳው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢልማ መጡ። አንገታቸው ላይ ሻሽ፣ ሻሹ ላይ በክር የታሰረች ማስታወሻ ደብተር። ድምፅ የለም፤ ሐኪሙ እንዳለው ነው። ብስክሌት ቤቴ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ማዳመጫውን አደረግሁላቸው። ዘጠኙንም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መጨረሻ ላይ ፍሽሽሽ ሲል ዓይናቸው ተከፈተ።

«ያቺ የሄልሚ ውኃ ናት» አልኩ ቶሎ ብዬ። «አይጨነቁ፣ እቆርጣታለሁ። ካውኮ አሳይተውኛል፣ መኖሯ እንኳን አይታወቅም።»

የእጄን አንጓ ጥርቅም አድርገው ያዙ። ከዚያ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ነገር ጻፉና ወደ እኔ አዞሩት።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሳውና የወጣ ሰው ነበር ፊቴ የሚቆመው። እሷን ከቆረጥሽ ለባዶ አዳራሽ የዘፈንኩ ይመስላል።»

ሥሩ ደግሞ በትንሽ ጽሑፍ፦ «ደግሞም የዘፈኑን ምት ጠብቃ ነው የደፋችው።»

ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ያለ ድምፅ ሳቁ። እኔ በሁለታችንም ፈንታ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። ማዳመጫውን መልሰው ደፉና በጣታቸው ከመጀመሪያው እንዳስጀምር አሳዩኝ። ውኃዋን ተውኳት።